አቶ ጥሩነህ በሰሊጥ ማሳ

መስከረም 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሰሊጡ ዘንድሮ አምሯል። ያስፈራኝም ማማሩ ነው። ባያምር ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ሊቀመንበራችን ጓድ ጀምበሩ ዛሬ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አጨዳውን ለእኔ ሰጠኝ። «እስካሁን መጋዘን ጠባቂ ነበርክ። ከዛሬ ጀምሮ ማሳው ራሱ መጋዘንህ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስንወጣ አንዱ ከኋላዬ «ከረገፈ አሻጥር ነው የሚባለው» ሲል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። ማን እንዳለው ባውቅ ምን ይረባኛል?

ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገስም። የታችኛው ፍሬ እንደበሰለ መታጨድ፣ መታሰር፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ መቆም አለበት። ከዘገዩበት ፍሬው አፉን ይከፍትና ነፋስ ሲነካው ለመሬት ይሆናል። ሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች፣ ከቆዩልኝ ይድናል። ከሄዱ አበቃ።

ይቆያሉ። አምና የቆዩት ለመጽሐፍ ሲሉ ነው። ሙቀቱ ሥራ በሚያስቆምበት በቀትር በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ሰብስቤ የወንጀል ታሪክ አነብላቸው ነበር። ዘንድሮም አለቃቸው አዛናው ገና ከመኪና ሳይወርድ «ጋሼ ይርዳው፣ መጽሐፍ አለ?» ነው ያለኝ። ስለ ምግቡ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መስከረም 27

የመጻሕፍቱን ሣጥን ከፈትኩ። ምስጥ።

ሽፋኖቹ እንዳሉ ናቸው። ሽጉጥ የደገነ ሰው። ጥቁር መነጽር። የምትሸሽ ሴት። አንስቼ ስገልጣቸው ውስጣቸው አፈር ነው።

ሲመሽ። አንድ ተርፏል፤ ሣጥኑ ውስጥ ስላልነበረ። ከሸሕዲ ስነሳ ባለቤቴ ፋናዬ በልብሴ መሀል የከተተችው ነው። ቤታችን ተከራይቶ የነበረ መምህር ጥሎት የሄደ መጽሐፍ፣ ሽፋን የሌለው። ሁለቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ብዙ ገጽ ገልጬ ሳየው እዚያው ተቀምጧል። ፋናዬ ግን ጨርሳዋለች። «መጨረሻው ምን ይሆናል?» ብያት ነበር። «እሱማ ምንም አይሆንም» ብላ ሳቀች። የሳቀችው በመጽሐፉ ይሁን በእኔ አልገባኝም ነበር።

በዚህ መጽሐፍ ሰው አላቆይም።

መስከረም 29

ጀመርኩላቸው። ምርጫ የለኝም።

ታሪኩ ይህ ነው፦ አቶ ጥሩነህ የሚባል ጡረታ የወጣ የስልክ ቤት ሠራተኛ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራል። ታናሽ ወንድሙ አቶ ገሠሠ ከመንገዱ ማዶ ይኖራል። እናታቸው ከተቀበረችበት ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ጥሩነህ በየማታው ወንድሙ ቤት ሊገባ ይነሳል፤ ደጁ ሲደርስ ያልፋል። በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

«ቆይ፣ ማን ሞተ?» አለኝ ደምለው። ከደብረ ታቦር የመጣ ቁጡ ጎልማሳ ነው፤ አምና መርማሪው ገዳዩን ሲይዝ ተነስቶ የሸለለው እሱ ነው።

«እናታቸው።»

«ማን ገደላት?»

«እርጅና።»

ራኩባው በሳቅ ተናጋ። ገሚሱ ተኛ። አንዱ «ይሄ መጽሐፍ ለወባ መድኃኒት ይሆናል፣ ያስተኛል» አለ። አዛናው ብቻ አልሳቀም። አዘነልኝ መሰለኝ። እሱ ይብሳል።

ጥቅምት 2

ጠዋት ከጓንግ ወንዝ ማዶ ያለው እርሻ ጭነት መኪና ላከ። ሾፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ «በሳምንት ሁለቴ ሥጋ! የመብራት ሞተር አለ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቡድን ማጭዱን ይዞ ተሳፈረ። ዓይኔ እያየ። ምን ልበላቸው?

ጓድ ጀምበሩ በቅሎውን እንደጫነ መጣ። አልወረደም። «ጓድ ይርዳው፣ የቀሩት ከሄዱ እኔ ብቻዬን አልጠየቅም» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። ፈርቶ ነው። እኔም።

በስተ ምሥራቅ ያለው ማሳ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

ጥቅምት 3

መላ አግኝቻለሁ። ጥሩነህ ገጹ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አምና ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ በጭንቅላቴ አሉ። አንድ ጠብመንጃ ብጨምርለት ማን ይጎዳል? ለሰሊጡ ስል ነው።

ጥቅምት 4

እንዲህ ሆነ።

ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ የሌለውን «አነበብኩ»። ጥሩነህ የአባቱን ምንሽር ከግድግዳ አወረደ፤ አጎረሰ፤ መንገዱን ተሻገረ። የተኙት ነቁ። ደምለው ተንበረከከ። ልቤ ሞቀ፤ ያዝኳቸው አልኩ።

ከምድጃው በኩል ድምፅ መጣ። መጂዳ ናት፣ ወጥ ሠሪያችን፣ የመተማ ዮሐንስ ሰው። ከበርሜሉ ጀርባ ሆና ስታማስል የምትሰማም አይመስለኝም ነበር።

«ቁም፣ ቁም! ማን ነው ምንሽር ያወረደው?»

«ጥሩነህ።»

«የቱ ጥሩነህ?»

«ይኸው የምናነበው ነዋ።»

«ወላሂ አያደርገውም!» ማማሰያውን እንደያዘች መጣች። «ትናንት ዶሮ ቤቱ ብትገባ እሽ ማለት አፍሮ፣ ቁራሽ እያሳየ ለምኖ ያስወጣ ሰው! ዛሬ በወንድሙ ላይ ምንሽር ያነሳል? ማን ነው እንዲህ ያረገው?»

አንዱ «እውነቷን ነው፣ የዶሮዋስ?» አለ። ሌላው «ደግሞስ ሰውየው እጁ ይንቀጠቀጣል አላልከንም ወይ፣ እንዴት ያጎርሳል?» አለ። ተኝተው አልነበረም ለካ። በሳቅና በማንኮራፋት መሀል ሁሉን ሰምተዋል።

ደምለው ተነስቶ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ነው። ጣቱን አስቀድሞ፣ ፊደል በፊደል፦ «ጥ...ሩ...ነህ... ጫ...ማ...ውን... ጠ...ረ...ገ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምንሽር የለም።»

ሳቁ! እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ጋሼ ይርዳው፣ በሰው ስም ደም ልታስገባ ነበር!» አለች መጂዳ። አዛናው ከሳቁ ብዛት እያሳለ «በል ይቅር ብለንሃል። አሁን የራሱን አንብብ፤ ጫማውን ጠርጎ ወዴት ሄደ?» አለኝ።

ማፈር ነበረብኝ። አፍሬያለሁም። ግን ሌላ ነገርም አለበት፣ ስሙን ያላገኘሁለት።

ጥቅምት 5

ዛሬ ለራሴ አነበብኩ። ነገ የማነበውን ለማየት ብዬ ነበር የከፈትኩት፤ ለሥራ።

ሌሎቹን መጻሕፍት ዝናብ እንደሚያመልጥ ሰው ነበር የማነበው፤ አንገቴን ቀብሬ፣ ወደ መጨረሻው እየሮጥኩ። ስደርስ ደረቅ ነኝ፤ ማንንም አላስታውስም። ያንን ሁሉ ሬሳ አንብቤ የአንዱን እንኳ መልክ አላውቅም። ዛሬ ግን ገጽ መግለጥ ፈራሁ። አንድ ቦታ ላይ ጥሩነህ በጨለማ መንገዱ ላይ ቆሞ የወንድሙን ሳል ይሰማል። ከሳሉ ብቻ ብርድ እንደመታው፣ ጀርባውን የሚያሽለት ሰው እንደሌለ ያውቃል። አይገባም። ምን ያደርጋል? ያልመጣበትን ሳል ይስላል። ጮክ ብሎ። ከውስጥ ያለው ሳል ይቆማል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ጥሩነህ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይኼው ነው። መጽሐፉን ከድኜ ከድንኳኑ ወጣሁ። በነዚያ ሁሉ ሽጉጦች መሀል እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። የሆነ ነገር የለም። ሁሉ ነገር ግን ሆኗል።

ጥሩነህን አውቀዋለሁ። አገጩን እንዴት እንደሚያክ፣ ሰው ሰላም ሲለው እንዴት ቆብ ያላደረገ ራሱን እንደሚነካ። እንደ ጎረቤት ሳይሆን ከዚያ ይበልጥ። ጎረቤቴን በውስጡ ገብቼ አይቼው አላውቅም።

ፋናዬ ወሬ ስትነግረኝ ሁልጊዜ ከሰውየው ትጀምራለች፦ እንዲህ ቆሞ፣ እንዲህ አይቶ፣ ነጠላውን እንዲህ አርጎ። እኔ «አቦ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ» እላታለሁ። አሁን አሁን ብዙም አትነግረኝም። ይህ ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ድካም ይሆናል።

ኩራዙ ነዳጅ እየጨረሰ ነው።

ጥቅምት 9

የሳሉን ነገር ካነበብኩላቸው ወዲህ ማሳው አበደ። አንዱ አጎንብሶ እያጨደ «እህ!» ይላል። ከማዶ መስመር ሌላው «እህ! እህ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሳቅ። እያሳሉ፣ እየሳቁ፣ እየተሽቀዳደሙ ያጭዳሉ። ምሥራቁ ማሳ ዛሬ አለቀ።

ጓድ ጀምበሩ ቀትር ላይ መጣ። ጥቂት አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይርዳው፣ ሁሉንም ያዛቸው እንዴ? ሳንባ ነው?»

«የለም፣ ጥሩነህ ነው።»

«ማን ነው ጥሩነህ? ለይተህ አስተኛው እንጂ! ሐኪም ልጥራ?»

እስካስረዳው ድረስ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ነበር። ሲሄድ ሳቁን ደብቆ መሰለኝ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ጥቅምት 12

ሽማግሌ ተቀመጠ። ቀልድ አይደለም።

ነገሩ የተነሳው ከጠብ ነው። ደምለው «በዳዩ ጥሩነህ ነው፣ ታላቅ ሆኖ ለምን አይገባም?» አለ። ሌሎቹ «ታናሹ ነው ሊመጣ የሚገባው» አሉ። ተገፋፉ። ማጭድ ባለበት መገፋፋት ደስ አይልም። አዛናው ተነሳና «እንግዲህ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው» ብሎ ሦስት ሰው መረጠ፤ አንደኛዋ መጂዳ። ሴት እንዴት ትቀመጣለች ያለ ነበር። «የሌለውን ምንሽር ማን አጋለጠ?» አሉት።

ለጥሩነህ አንድ የስማዳ ሰው ቆመ። ለገሠሠ ደምለው። እንደ እውነተኛ ጉዳይ «ጌቶቼ» እያሉ፣ እጅ እየነሱ። የስማዳው ሰው «ደንበኛዬ በየማታው ይነሳል። ደጅ ድረስ መሄድ መሄድ አይደለም ወይ?» አለ። ደምለው «ጌቶቼ፣ ደጅ አልፎ መሄድማ አለመምጣት ይሻላል! ውስጥ ያለው ሰው ኮቴውን ይሰማል። በየማታው መጣልኝ ይላል፣ በየማታው ያልፈዋል። ይህ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። ማንም እንዳያየው ወደ መሬት አየ።

እኔ ገሠሠ ኮቴውን እንደሚሰማ አስቤ አላውቅም ነበር። መጽሐፉም አይልም። ግን ይሰማል። በእርግጥ ይሰማል።

አዛናውን ፍርድ እንዲሰጥ ጠየቁት። «ባለጉዳዮቹ ገና አልጨረሱም» አለ። «መጽሐፉ እስኪያልቅ ቀጠሮ ሰጥተናል። እስከዚያ ከዚህ የሚሄድ ሽማግሌም ጠበቃም የለም።»

ከዚህ የሚሄድ የለም። ሁለቴ ጻፍኩት።

ጥቅምት 14

ትኩሳት። ወባ። ክኒን ውጫለሁ። እጄ አይጽፍም። ምዕራቡ ማሳ

ጥቅምት 16

ትንሽ ይሻለኛል። ሳልነሳ ራኩባው ድረስ ይሰማኛል። የሚያነበው ደምለው ነው። ቃል በቃል፣ እየቆመ፣ እየተሳሳተ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ። አንዲቷን ገጽ ቀትሩን ሙሉ። ማንም አልተቆጣም። አንድ ቃል ሲያወጣ ሁሉም አብረው ያወጡታል። እኔ ስሮጥ ያለፍኳቸው ነገሮች በእሱ አፍ ቆመው ይታያሉ።

እኔ ካነበብኩት ይልቅ እሱ ሲያነበው ያምራል። ይህን ለማንም አልናገርም። ነገ እነሳለሁ። ገና ባልድንም እነሳለሁ።

ጥቅምት 18

እየጮህኩ መጻፍ ቢቻል!

የጓንግ ማዶው መኪና ዛሬ ተመልሶ መጣ። ቀትር ላይ፣ ንባቡ መሀል። የቀረው ምዕራቡ ማሳ ብቻ ነው፤ ፍሬው ከዳር ዳር አፉን መክፈት ጀምሯል። ዛሬ ከሄዱ ያ ማሳ የለም። እኔም የለሁም ማለት ነው፤ ያን ቀን ከኋላዬ የሰማኋትን ቃል አልጽፋትም።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ሥጋ! መብራት! ዛሬ ደግሞ ሬዲዮ አለ!»

ደምለው ማንበቡን አቆመ። እኔ የራኩባውን ምሰሶ ተደግፌ ነበር።

«ይኸው እኮ ልክ ስንደርስ!» አለ አንዱ ተናዶ። የተናደደው በሾፌሩ ነው። በሾፌሩ!

አዛናው ሳይነሳ «ወንድሜ፣ ጥሩምባውን ተወው፤ ሰው ታሟል» አለ።

«ማን ነው የታመመው?»

«አቶ ገሠሠ።»

እውነት ነው። ዛሬ ያነበቡት ገሠሠ አልጋ ላይ የወደቀበትን ነው። ሾፌሩ ሐዘን መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዳር ላይ ተቀመጠ። መጂዳ ውሃ ሰጠችው። ደምለው ቀጠለ፦ ጥሩነህ የሐኪሙን ጋሪ ከወንድሙ ደጅ ቆሞ ሲያይ፣ ከመስኮቱ ተነስቶ መልሶ ሲቀመጥ፣ ሎሚ ሲገዛ፣ ሎሚውን ለማን እንደሚልክ ሲያጣ። ሾፌሩ ግራ ቀኝ አየ። ቆይቶ ገባው። ልቡ ሄዶ ነበር መሰለኝ፣ አልተነሳም። ገጹ ሲያልቅ «እንዴ፣ ሎሚውስ?» አለ።

«ነገ ነው» አለችው መጂዳ። «ኸላስ፣ በቃ።»

«ነገ እኔ ማዶ ነኝ እኮ!»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።»

ባዶውን ሄደ። አንድም ሰው አልተሳፈረም። አንድም! መኪናው ሲርቅ ደምለው ማጭዱን አንስቶ «ተነሱ እንግዲህ፣ ያልታጨደ እያለ ነው እንዴ የምንቀመጠው!» ብሎ ሸለለ። ያለ አንድ ሬሳ ሸለለ። እኔም ወባዬን ይዤ ማጭድ ያዝኩ። ማንም አላስቀረኝም።

ጥቅምት 21

ምዕራቡ ማሳ ታጨደ። ሁሉም ቆሟል፤ ሂላው እንደ ሰፈር ተሰልፎ። አሁን መድረቅ ብቻ ነው።

ጥቅምት 23

ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ። የመጽሐፉን ነገር ሰምቷል። ገልጦ ገልጦ «መልእክቱ ምንድን ነው?» አለኝ። «አንድ ሰው አለ...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም።

«መደቡስ? ይህ ጥሩነህ የሚባለው ከየትኛው መደብ ነው?»

«ጡረተኛ ነው፣ ጓዴ» አለች መጂዳ ወጥ እየጨለፈች። «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በላ። ሂላውን ዞሮ አየ። መጽሐፉን መለሰልኝ። ሲወጣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታመመ የሚሉት ወንድምየው ይድናል?» አለኝ። አልነገርኩትም። እኔም አላውቅማ። ወደ መጨረሻው ገልጬ አላየሁም። በዕድሜዬ መጨረሻውን ሳላይ የታገስኩት በዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ጥቅምት 25

ጆንያ ላመጣ ሸሕዲ ሄድኩ። ፋናዬ ስለ ጎረቤታችን ስለ ወይዘሮ አሰበች ነገረችኝ፤ እንዴት በሩ ላይ እንደቆመች፣ መሀረቧን እንዴት እንዳጠፈችና መልሳ እንደዘረጋች። አላቋረጥኳትም። መሀል ላይ እሷው አቋርጣ አየችኝ። «ታመሃል እንዴ?» አለች። «ቀጥይ» አልኳት። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀጠለች። ወይዘሮ አሰበች ምን እንደገጠማት አሁንም በትክክል አላውቅም። ሴትየዋን ግን አየኋት።

ጆንያውን ረስቼ ልመለስ ነበር።

ኅዳር 2

ማራገፍ። ሸራው ተዘርግቷል፤ ነዶውን ቁልቁል ደፍተው ሲያራግፉት ሰሊጡ ሻ ብሎ ይወርዳል። ጓድ ጀምበሩ ከበቅሎው ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አንድ እፍኝ አነሳ። ጨበጠኝ። መዳፉ ውስጥ ሰሊጥ ነበር፤ ወደ እኔ መዳፍ ተላለፈ።

ስለ አሻጥር ከዚህ በኋላ የሚያወራ ካለ አልሰማሁም።

ኅዳር 5

አለቀ። የመጨረሻው ጆንያ ተሰፋ። ሒሳባቸውን ተቀብለዋል፤ ወደ ደጋ የሚወስዳቸው መኪና ቆሟል። የሚያስቀራቸው ምንም ነገር የለም። ሰሊጡ ገብቷል፤ እኔም ከእነሱ የምፈልገው ነገር የለኝም።

አንድም ሰው አልተሳፈረም። ጓዛቸውን መኪናው ላይ ጣሉና ወደ ራኩባው ተመለሱ። ሾፌሩ ጮኸ፤ አዛናው «ቀጠሮ አለብን» አለው።

መጽሐፉን ለደምለው ሰጠሁት። «አንተ ጨርሰው» አልኩት። ተቀበለኝ፤ ጣቱን አስቀደመ። ፍጥነቱ ትንሽ ጨምሯል። ትንሽ ብቻ።

ገሠሠ ከአልጋ ተነስቷል። ማታ ነው። ጥሩነህ ሎሚውን በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ መንገዱን ይሻገራል፤ ደጁ ይደርሳል። አያልፍም። እጁን በሩ ላይ ያኖራል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ደምለው ገጹን ገለጠ። ባዶ ነው። መልሶ ገለጠ። አምና ቢሆን መጽሐፉን ይወረውረው ነበር። አሁን ግን እጁን በባዶው ገጽ ላይ አኑሮ ቆየ።

«በል ፍረድ» አሉት አዛናውን።

«እርቅ ወርዷል» አለ። «ገብቷል።»

«የት አየህ?» አለ ደምለው ቱግ ብሎ። «እጁን ነው ያኖረው! መግፋትና ማኖር አንድ ነው? ጌታዬ፣ እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሎሚውን ደፍ ላይ አኑሮ ነው የሚመለሰው!»

«ከውስጥ ይከፍትለታል እንጂ!» አለች መጂዳ። «ገሠሠ ምን ሲሠራ ነው? ከበሩ ጀርባ ቆሞ አይደለም ወይ?»

ሁሉም ባንዴ ተናገሩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እየተከራከሩ ተሳፈሩ፤ እየተከራከሩ እጄን ጨበጡ፤ አንዱ ለእኔ ደህና ሁን እያለ ፊቱን ወደ ሌላው መልሶ «አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?» ይላል። ደምለው ከመኪናው ላይ ሆኖ መጽሐፉን ወደ እኔ ዘረጋ። «ያዘው፣ ያንተ ነው» አልኩት። ማመን አቅቶት ደረቱ ላይ ለጠፈው።

መኪናው በታጨደው ማሳ መሀል ሄደ። አቧራው ሸፈናቸው። ድምፃቸው ግን ይመጣል፤ ገባ፣ አልገባም፣ ገባ፣ አልገባም። እኔ ከባዶው ራኩባ ፊት ቆሜያለሁ። ሊሰሙኝ በማይችሉበት ርቀት ላይ ሲደርሱ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«ይገባል!»